በመርፌውና በቁርሱ መካከል

እናቴ ስኳር አለባት። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ዓይኗ ስለደከመ መርፌው ላይ ያሉትን ትንንሽ መስመሮች ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ የምወጋት እኔ ነኝ። ከተወጋች በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መብላት አለባት። ካልበላች ስኳሯ ይወርዳል፤ ስኳር ሲወርድ ደግሞ ቀድሞ የሚራበው አንጎል ነው። ሰው ራሱን ይስታል፣ ይሞታልም። ይህን የነገረችኝ ነርስ ሦስት ጊዜ አስደግማኛለች። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ሸምዳጅ ነኝ፤ ዛሬም በእንቅልፍ ልቤ ብጠየቅ አንድ ቃል ሳላጎድል እወጣዋለሁ።

የማወራው ይህን ሁሉ እያወቅሁ እናቴ ፊቴ ቁጭ ብላ ልትሞት ስለነበረችበት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ታሪኩን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ «ረስተሽ ነው» ነው። አልረሳሁም። መርሳት ቢሆንልኝ ደስ ባለኝ፤ ለረሳ ሰው ይቅርታ ይገኝለታል።

እኔና እናቴ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻችንን ነው የምንኖረው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እናቴ ወለጋ ተወልዳ ያደገች፣ በጋብቻ አዲስ አበባ የገባች፣ ጸሎቷ ረጅም ሳቋ አጭር የሆነ ሴት ናት። እኔ በዚያን ጊዜ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ «ኳሊቲ» ነበርኩ። ኳሊቲ የሚባለው የተሰፋውን ሸሚዝ ከመታጠፉ በፊት መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እንከን የሚፈልግ ሰው ነው። እንከን መፈለግ ደግሞ ተፈጥሮዬ ነው፤ እናቴ ስትቀልድብኝ «አንቺ ገነት ብትገቢም ደጃፉ አልተጠረገም ትያለሽ» ትለኝ ነበር።

አለመብላት የጀመርኩት በጾም ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የሃያ አንድ ቀን ጾም ጸሎት አውጆ ነበር፤ ከጸሎት ቡድኔ ጋር ገባሁበት። ሃያ አንዱ ቀን አለቀ፣ ሌሎቹ ፈቱ፣ እኔ አልፈታሁም። ለምን ሲሉኝ ገና የምጸልይበት ጉዳይ አለ እል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። መብላት እንደገና መጀመር ፈራሁ። ምኑን እንደምፈራ ግን እኔም አላውቅም ነበር፤ ሳህን ሲቀርብ ልቤ ደረቴን እየመታ ሊወጣ ይደርሳል፣ ሳህኑ ሲነሳ ይረጋጋል። ይኸው ነው። ለዚህ ፍርሃት ጾም የሚለውን ስም ሰጠሁትና አረፍኩ።

ሌላውም ሰው አረፈ። በእኛ ቤት፣ በእኛ ሰፈርም፣ ያልበላ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ አኩርፏል፣ ወይ ጾሟል። አራተኛ የለም። እኔ ሥራ እየሄድኩ ስለሆነ አልታመምኩም፣ ለሁሉም ሰው እየሳቅሁ ስለሆነ አላኮረፍኩም፤ ስለዚህ ጾሜያለሁ። የጸሎት ቡድናችን መሪ እጇን ጫንቃዬ ላይ ጭና «አንቺ የጾም ጸጋ አለሽ» አለችኝ። አጥንቴን እየዳሰሰች ነው ይህን ያለችኝ። አልቀየማትም። እኔ ራሴ ያልገባኝን እሷ ከየት አምጥታ ታውቀዋለች? እናቴም መጀመሪያ ላይ ኮርታብኛለች፤ ወለጋ፣ ነጆ ላለችው እህቷ ስልክ ደውላ «ልጄ ጌታን ይዛለች» ስትል ሰምቻለሁ።

ቀድማ የነቃችው ግን ራሷ እናቴ ናት። አንድ እሁድ ከአምልኮ ስንመለስ ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ ቆሜ ሳለከልክ አየችኝ። ቤት ገብተን ጫማዋን እያወለቀች ነው ዞር ብላ፣

«ጾም መፍቻ ሰዓት አለው። ያንቺ መቼ ነው?» ያለችኝ።

ደሜ ፈላ። «በእኔና በጌታ መካከል አትግቢ» አልኳት። እናቴን እንደዚያ ተናግሬያት አላውቅም። ጫማዋን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና ክፍሏ ገባች።

ሰው ስለማይበላ ሰው ሲያስብ የሚታየው አጥንት ነው። የጉንጭ አጥንት፣ የትከሻ አጥንት። እኔን ግን ከሥጋዬ እኩል የከሳብኝ ሐሳቤ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም ከውጭ አያየውም። ጭራሽ በሥራ ቦታ ጎበዝ የሆንኩ መሰለ። ሰው የማያየውን የተዘለለ ስፌት ከሩቅ እለቅም ጀመር። ሱፐርቫይዘሬ አዲስ ገቢዎችን ወደ ጠረጴዛዬ እያመጣ «ከእሷ ተማሩ» ይላቸው ነበር። ያላወቀው ነገር ቢኖር ሸሚዙን ማየት መተዌን ነው። የማየው ክሩን ብቻ ነበር። አንድ ቀን የግራ እጅጌው ሰማያዊ፣ የቀኝ እጅጌው ደብዛዛ ግራጫ የሆነ ሸሚዝ «ጥሩ» ብዬ አሳለፍኩ። ስፌቱ ንጹህ ነበራ። ማሸጊያ ክፍል ያሉት ሴቶች ሸሚዙን ከፍ አድርገው እያሳዩ ሲስቁ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምኑ እንደሚያስቅ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ትእዛዝ ተለወጠ። ለዚህኛው ጭነት የተንጠለጠለ ክር አጭር ከሆነ ይለፍ ተባለ። ሰማሁ፣ እሺ አልኩ፣ ከጎኔ ለምትሠራውም አስረዳኋት። እጄ ግን እንደ ድሮው ክር የተንጠለጠለበትን ሁሉ መመለሱን ቀጠለ። እያንዳንዱን ሸሚዝ ሳነሳ አዲሱ ትእዛዝ ትዝ ይለኛል፣ ያለፈውም ትእዛዝ ትዝ ይለኛል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ግን አቃተኝ። እስከ ምሳ ሰዓት አጠገቤ የተመለሰ ሸሚዝ ተከመረ፤ የሰፊዎቹ ሴቶች ዓይን በላኝ፤ «ላይን» የምንለው የስፌት መስመር ቆመ። ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ «ነግሬሽ አልነበረም?» አለኝ። ነግሮኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንንም ከእሷ ተማሩ አላለም።

ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠችውን ሴት ሹሩባ መስመር በዓይኔ እየተከተልኩ መውረጃዬን አልፌ እሄዳለሁ። መጽሐፍ ቅዱሴን ገልጬ አንዲት ጥቅስ ላይ ሩብ ሰዓት እቆማለሁ። ሰው ሲያወራኝ ቃሉን አንድ በአንድ እሰማለሁ፤ ተደምሮ ምን እንዳለኝ ግን አላውቅም፣ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ። ከቀልቤ የቀረው ቦታ ሁሉ በምግብ ተይዞ ነበር። በሰርቪስ አውቶብስ ስሄድ ስልኬ ላይ የማየው ምግብ ሲሠራ ነው፤ ቤት ስገባ ለእናቴ፣ ለጎረቤት፣ ለጸሎት ቡድኑ የማበስለው እኔ ነኝ። ሁለት ዓይነት ወጥ ሠርቼ ለፎቁ ሁሉ አድዬ እኔ ውሃ ጠጥቼ እተኛ ነበር። «ምን ያለች የተባረከች ልጅ ናት» ይሉኝ ነበር ጎረቤቶቻችን፤ እኔም አምኜላቸው ነበር።

የእናቴ መሣሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ «ካልበላሽ አልበላም።» ይህን የማይል ወላጅ በአገራችን ያለ አይመስለኝም። ልጅ እያለሁ ስታኮርፈኝም፣ ሳኮርፋትም፣ ፈተና ወድቄ ስተኛም የምታስነሳኝ በዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ ሠራላት፤ እሷ እንድትበላ ስል ሁለት ጉርሻ እቀምስ ነበር። ኋላ ማታለል ለመድኩ። ከዚያ በኋላ ማታለሉንም ተውኩት፤ «እንግዲያው አትብዪ» ብዬ ክፍሌ እገባለሁ፣ እሷም ትንሽ ጠብቃ ብቻዋን ትበላለች። በማግስቱ እንደገና ትሞክራለች።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጸሎት ቡድኑ እንደገና የያዘውን የሦስት ቀን ጾም እኛ ቤት መጥቶ ሊፈታ ቀጠሮ ነበር። ምስር ወጥ ልሠራ አንድ ትልቅ ትሪ ሙሉ ምስር ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቻለሁ። እናቴ ደግሞ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ካለችው ጎረቤታችን ጋር በሦስት ሰዓት ሾላ ገበያ ሊሄዱ ተነጋግረዋል። ጎረቤታችን ጡረታ የወጣች የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ እሷ ኦርቶዶክስ እኛ ጴንጤ፣ በሃይማኖት ሲተራረቡ ውለው በገበያ ጉዳይ ግን አንድ ልብ ናቸው።

አንድ ሰዓት ላይ እናቴ ከክፍሏ ጠራችኝ። «መርፌውን አምጪ።»

«ቁርሱ ገና አልደረሰም።»

«አንቺ አምጪ። ይደርሳል።»

ሁልጊዜ ቁርሱ ሲቃረብ ነበር የምወጋት። ለምን እንደቸኮለች አልጠየቅኋትም። መድኃኒቱን ስቀዳ መስመሩን ሁለቴ አየሁ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ ሆዷ ላይ ቦታ መርጬ ወጋኋት። እጄ ንቅንቅ አይልም፤ በዚህ በኩል እንከን የለብኝም። ከዚያ ቅንጬውን አብስዬ በቅቤ አድርጌ አቀረብኩላት። ሳህኑን ወደ ጠረጴዛው መሐል ስባ አንድ ማንኪያ ወደ እኔ፣ አንድ ማንኪያ ወደ ራሷ አደረገች።

«ነይ፣ ቁጭ በይ።»

«ጾም ነኝ እኮ እማዬ። ከሰዓት ነው የምንፈታው።»

«ትናንትም ጾም ነበርሽ። አብረን ካልሆነ አልነካውም።»

«ተወግተሻል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች። እጆቿን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረች። «አንድ ማንኪያ ብዪልኝ። አንድ። ከዚያ እኔም እበላለሁ።»

«እሺ፣ ይህቺን ልጨርስና» አልኳት። ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ የምስሩን ትሪ ወደ ራሴ ሳብኩ።

ምስር መልቀም ለዚያን ጊዜው ጭንቅላቴ ከሁሉም የሚመች ሥራ ነበር። ያየሁትን በግራ፣ ያላየሁትን በቀኝ አድርጌ በጣቴ መስመር አሰምርበታለሁ። ትንንሽ ጠጠር፣ ጥቁር ዘር፣ የተሰበረ ፍሬ። ግማሽ ስደርስ የመጀመሪያውን በደንብ ማየቴን ተጠራጠርኩ፤ ደባለቅሁትና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እንደገና ግማሽ ስደርስ እንደገና ተጠራጠርኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብዬ አየሁ። የሰከንዱ ዘንግ አሥራ አንድ ቁጥር ላይ ሲደርስ ትንሽ ሲያነክስ አስተዋልኩ፤ ባትሪው ሊያልቅ ነው ብዬ አሰብኩ። ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አላነበብኩም።

እናቴንም ቀና እያልኩ አይ ነበር። የሹራቧ ሁለተኛ አዝራር ሦስተኛው ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል። የላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ አለ፤ ቤቱ ግን ብርድ ነው። ማንኪያዋን አንስታ ስለነበር ጫፉ ሳህኑን እየነካ ድምፅ ያሰማል፤ ምቱ ፈጠን ያለ ነው። የቅንጬው ቅቤ ረግቶ ጠርዙ ላይ ነጭ ቆዳ ሠርቷል። ከዚያ በኦሮምኛ «ኛዹ» አለችኝ፤ ብዪ ማለት ነው። እናቴ በኦሮምኛ ካወራችኝ ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ፈገግ አልኩላት። ትንሽ ቆይታ ደገመችው፤ ቃሉ ተጎተተ፣ መጨረሻው ጠፋ። ስድስት ጠጠር አውጥቼ ከትሪው ጠርዝ ደረደርኳቸው።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ነጠላዋን አጣፍታ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ገባች። «እናንተ፣ ገበያው በረደ» ብላ ሳትጨርስ ቆመች። ከእኔ ወደ እናቴ፣ ከእናቴ ወደ ሳህኑ አየች። ዓይኗን ለመጨፈን የሚፈጅ ጊዜ እንኳን አልፈጀባትም።

«ምን ሆና ነው?»

«ምንም።»

«ተወግታለች?»

«አዎ፣ አንድ ሰዓት ላይ።»

«በልታለች?»

«ቅንጬው ቀርቧል» አልኳት።

ይህ መልሴ ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው። ቅንጬው ቀርቧል። ጎረቤታችን እንዴት እንዳየችኝ መናገር አልችልም፤ ሰው ቤት ውስጥ የማያውቀውን አውሬ ሲያገኝ እንደዚያ ያያል መሰለኝ። ዘንቢሏን ጥላ ስኳር ማስቀመጫውን ከመደርደሪያው አነሳች፣ ጣቷን አርጥባ በስኳሩ ለውሳ የእናቴን ጉንጭና ድድ ከውስጥ ታሸው ጀመር። ሟቹ ባሏ ስኳር ነበረበት፤ ያለ ነርስ ተምራዋለች። «ተነሺ አንቺ ልጅ፣ መኪና ጥሪ፣ ሰው ጥሪ» አለችኝ። ተነሳሁ። ከመሮጤ በፊት ግን ትሪውን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ ወደ ጎን አደረግሁት፤ የተለቀመው ካልተለቀመው እንዳይደባለቅ። ጎረቤታችን አይታኛለች። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ አንስታብኝ አታውቅም።

ሆስፒታል ስንደርስ እናቴ አትሰማም ነበር። ግሉኮስ ተሰጣት። ወጣት ሐኪም ወደ እኔ መጣና ስንት ሰዓት እንደተወጋች፣ ምን ያህል መድኃኒት እንደሆነ ጠየቀኝ። ከነደቂቃው ነገርኩት። መቼ እንደበላች ሲጠይቀኝ «አልበላችም» አልኩት።

«ምልክት አላየሽም? ላብ?»

«ነበር።»

«መንቀጥቀጥ?»

«ነበር።»

«ንግግሯ አልተለወጠም?»

«በኦሮምኛ ነበር የምታወራው» አልኩት። ወረቀቱን ዝቅ አደረገና መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ እጄን አየ። አንጓዬን ያዘ። የልብ ምቴን ሊቆጥር መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ውፍረቱን ነው ያየው። «አንቺ መቼ ነው የበላሽው?» አለኝ።

እናቴ ከሰዓት ላይ ዓይኗን ገለጠች። ስሜን ጠራች፤ ጎረቤታችን መሬት ላይ ተንበርክካ ተመስገን አለች። እኔ አልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር። ልቅሶ ያንቀኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። አንሶላው ጠርዝ ላይ የተተረተረ ስፌት ነበር፣ እሱን እያየሁ ቆምኩ።

ያ ሐኪም ሌላ ሆስፒታል ወደምትሠራ የአእምሮ ሐኪም ላከኝ። ሴትየዋ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ቁጣዬን ከምንም የማትቆጥር ነበረች። የአመጋገብ መታወክ የሚባል ሕመም እንዳለብኝ ነገረችኝ። «ይህ የፈረንጅ በሽታ አይደለም እንዴ?» አልኳት። «ሆድ ያለው ሰው ሁሉ ይይዘዋል» አለችኝ። ከዚያ ሥራ ሰጠችኝ። ካርዶችን በቀለማቸው ለዪ አለችኝ፤ ለየሁ። መሐል ላይ ሳትነግረኝ ሕጉን ቀየረችና «ተሳስተሻል» ማለት ጀመረች፤ እኔ ግን በቀለም መለየቴን ቀጠልኩ፣ ደጋግማ ብትለኝም ቀጠልኩ። ያ የሸሚዝ ክምር ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ቀጥሎ አንድ የተወሳሰበ ሥዕል አሳይታ አይተሽ ገልብጪው አለችኝ። ጥግ ላይ ካለች ትንሽ ክብ ጀመርኩ፣ ውስጧ ያሉትን ነጥቦች ሳይቀር አሳምሬ ሠራሁ። ስጨርስ ወረቀቱን አጠገብ ለአጠገብ አደረገችው። ዋናው ትልቁ አራት ማዕዘን የእኔ ወረቀት ላይ የለም። ትንንሾቹ ነገሮች ሁሉ አሉ፣ የሚይዛቸው ነገር የለም።

«አንጎልም ይበላል» አለችኝ። «ካላበላሽው የሚቀረውን ትንሽ ጉልበት ቅርብ ላለው ነገር ያውለዋል። ዝርዝሩን ያያል፣ ጠቅላላውን ይስታል። ከያዘው ሐሳብ መውጣት ያቅተዋል። ስንፍና አይደለም፣ ክፋትም አይደለም። ስትበዪ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ ምናልባት ሁሉም ላይመለስ ይችላል።» በዚያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ነገርኳት፤ ላቡንም፣ አዝራሩንም፣ ማንኪያውንም። ሁሉንም አየሁ፣ አንዱን ከአንዱ ግን አልገጠምኩትም አልኳት። በአዎንታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እኔና እናቴ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት የተራበ አንጎል ይዘን ተቀምጠን ነበር፤ የእሷ በአንድ ጠዋት፣ የእኔ በወራት።

ፋብሪካውን ለቀቅሁ። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ከሐኪሟ ጋር ተመላለስኩ። መብላት እንደገና መማር ምን ያህል አስቀያሚ እንደሆነ እዚህ ማውራት አልፈልግም፤ በየቀኑ ከሳህን ጋር ተጣልቼ፣ በየቀኑ ታርቄ ነው ያለፈው። ቀልቤ ግን ተመለሰ። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለ አማቶቻቸው ሲተራረቡ ሰምቼ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ቀልዱ በሰዓቱ ገብቶኝ ነበር። መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ለጸሎት ቡድኑም እውነቱን ነገርኳቸው፤ መሪያችን ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ እኔም ይቅርታ ጠየቅኋት።

እናቴ ዳነች እላለሁ፤ ሐኪሞቹም እንደዚያ ይላሉ። አንዳንድ ነገር ግን እዚያው ጠዋት ላይ ቀርቷል። ጓዳ ገብታ ምን ልታመጣ እንደሄደች ጠፍቷት ትቆማለች። በቃሏ የምታውቃቸውን መዝሙሮች ጀምራ መሐሉ ላይ ትቆምና ዜማውን ብቻ ታንጎራጉራለች። ያን ጊዜ ክፍሌ ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። እዚያም ሆኜ ይሰማኛል።

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ከሰዓት፣ ኮሪደሩ ላይ ልብስ እያሰጣን ነበር። እሷ ታሰጣለች፣ እኔ አቀብላለሁ። ጥያቄው ብዙ ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ሲመለስ የኖረ ነው።

«እማዬ፣ ያን ቀን ለምንድነው ሳትበዪ የቀረሽው? መርፌ ተወግተሽ።»

ዞር አላለችም። ፎጣውን እያራገፈች «መርፌውን ቀድሜ ያስወጋሁት ሆን ብዬ ነው» አለች። «ካልበላሁ እንደምሞት ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ለራስሽ ብለሽ አልበላ አልሽ። ለእኔ ስትዪ ግን ትበያለሽ ብዬ ነው። ሌላ የቀረኝ ነገር አልነበረም።»

እጄ ላይ የያዝኩት ልብስ ውሃው እግሬ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ኋላ ሐኪምሽ ስታስረዳኝ ነው ልቤ ያረፈው» አለች። «ጭንቅላትሽ ታሞ ነበር፣ አላየሽኝም። ብታዪኝ ኖሮ ትበዪልኝ ነበር። አይደል?»

«አዎ እማዬ» አልኳት።

ሐኪሟ የነገረችን እውነት ነው፤ የነገርኳት ግን ሁሉንም አይደለም። ለሁለተኛ ጊዜ «ኛዹ» ስትለኝ፣ ቃሉ ሲሰበር፣ ለአፍታ ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። መርፌው፣ ላቡ፣ የቀዘቀዘው ቅንጬ፣ እናቴ። አንድ ማንኪያ ብጎርስ እሷም እንደምትጎርስ፣ ካልጎረስኩ እንደምትሞት ገባኝ። ማንኪያውን አየሁት፤ ከሞቷ ይልቅ እሱን ፈራሁ። ወደ ምስሩ ተመለስኩ።